ለጎመን የተሰጠ ማርክ

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ቆይቷል። ቢሆንም ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲጥል በዚያ ሳልፍ፣ አፈሩ ውስጥ የቀረ የሚመስል የጥቅል ጎመን ሽታ ይመጣብኛል። ጣፋጭም ብስባሽም የሆነ ሽታ ነው። ልጆቼ አብረውኝ ከሆኑ "አባዬ፣ ምንም አይሸትም እኮ" ይሉኛል። እነሱ እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው።

ባለፈው ሰሞን ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው የመጨረሻዋ ልጄ የሥዕል ደብተሯን ገልጣ፣ ጥቂት ሞነጫጭራ ከደነችው። ለምን እንደተወችው ጠየቅኳት።

"ይሄ እኮ አይቆጠርም አባዬ፤ ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም" አለችኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ትጋት ረጅም ምክር እመክራት ነበር፤ ምክር አያልቅብኝም። ያን ዕለት ግን ምክሩን ተውኩት። እኔን ከትምህርት ገበታ ያስነሳኝ "አይቆጠርም" የሚባለው ትምህርት ነውና።

በእኛ ጊዜ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል ነበር። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ዋና ትምህርቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የምርጫ ትምህርት ይወስዳል፤ እንጨት ሥራ፣ ባልትና፣ ሥዕል ወይም እርሻ። የአራዳ ልጆች ዋናውን "እንጀራ"፣ ምርጫውን "ሚጥሚጣ" ይሉት ነበር። ሚጥሚጣም ቢሆን ማርኩ አማካይ ውስጥ ይገባል። ምርጫ ይባል እንጂ የሚመርጠው ቀድሞ የተሰለፈ ነው። እንጨት ሥራ በጠዋቱ ይሞላል፤ ሥዕል ይከተላል፤ ባልትናን ሴቶቹ ይይዙታል። ዘግይቶ የደረሰ እርሻ ይገባል። እኔና ጓደኛዬ ሰባተኛ ክፍል ልንመዘገብ ዘግይተን ደረስን።

ጓደኛዬ እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኛ አጥር ዝቅ ብሎ፣ ከአክስቱ ጋር ይኖር ነበር። አክስቱ ከወሎ የመጡ፣ ቤታቸው ውስጥ ልብስ የሚሰፉ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ ሴት ነበሩ። እሱ ፈተና ሲወድቅ እንኳ "ፈተናው ነው የከበደው፤ የኔ ልጅ ምን አጠፋ?" ይላሉ። የእኔ አባት ሌላ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ቁልፍ ይቀርጻል። ቀኑን ሙሉ ከሞረድ ጋር ስለሚውል አነጋገሩም ሞረድ ነበር። "ክፍል የደገምክ ዕለት ወደ ቤት እንዳትመጣ፤ ቀጥታ ወደ ሱቅ ና" ብሎኛል። አባቴ ያለውን የሚረሳ ሰው አልነበረም።

የእርሻው ቦታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ነበር። መምህሩ ከአርሲ የመጡ ረጅም ሰው ናቸው። አፈር ሊረግጡ ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መደብ ለክተው ሰጡንና የጥቅል ጎመን ችግኝ አደሉን። ጓደኛዬ ችግኙን አገላብጦ እያየ፣ "ጋሼ፣ እኔ ጎመን አትክልት ተራ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር" አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን ዛሬም አላውቅም። ነገር ግን ከሁላችን አስቀድሞ ነገሩ የገባው እሱ ነው። መደቡ ከክፍሉ ሁሉ በለጠ። ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ቋጥሮ ያበራ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ አጋማሽ የወፍ በሽታ ያዘኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆነ፤ የምግብ ሽታ እንኳ ያጥወለውለኝ ነበር። ሳምንታት ተኛሁ። ጓደኛዬ በየማታው እየመጣ በር ላይ ይቆምና፣ "ጎመንህ ሰላም ይልሃል" ብሎኝ ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ የቧንቧ ውሃ መቋረጡን አልነገረኝም። በዘይት ቆርቆሮ ከወንዝ እየቀዳ ዳገቱን ሲወጣ እንደሚውልና ውሃው ለአንድ መደብ እንጂ ለሁለት እንደማይበቃ የሰማሁት ኋላ ነው።

ለፈተናው ከአልጋ ተነሳሁ። ሒሳቡና ሳይንሱ እንዳመለጡኝ ከወንበሬ ሳልነሳ አውቄዋለሁ። የቀረኝ ተስፋ እርሻ ነበር። የእርሻ ማርኬ ከፍ ካለ አማካዩን ጎትቶ ያሳልፈኛል፤ ካልሆነ ሱቅ። ይህን እኔም እሱም ደጋግመን አስበነዋል። መደቤን ልየው ስለው ግን፣ "ደክመሃል፣ እዚያ ድረስ መሄድ ምን አስቸኮለህ?" እያለ ይመልሰኛል።

መምህሩ መደቦቹን ዞረው ማርክ የሚሰጡበት ቀን በጠዋት ሊጠራኝ መጣ። እጁን ታጥቧል፤ ጥፍሩ ሥር ግን ጭቃ አለ። ልብሱ እርጥብ አፈር ይሸታል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ምንም። ጎመን በጤና ይባል የለ? አንተ ጤናውን አምጣ፣ ለጎመኑ እኔ አለሁ።"

ዳገቱን ስንወጣ በየመሃሉ እየቆመ ይጠብቀኛል። አንድ ቦታ ላይ ፊቱን ሳያዞር፣ "ዛሬ ምንም ብታይ አፍህን እንዳትከፍት" አለኝ።

"ምን አደረግክ?"

"እንዳትከፍት አልኩህ እኮ። ትንፋሽህን ለዳገቱ አስቀምጥ።"

ጓሮው ስንደርስ ክፍሉ ተሰብስቧል። ፀሐይ ከጭጋጉ ገና መውጣቷ ነበር። ከታች፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በኩል፣ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። መምህሩ በባዶ እግራቸው፣ መዝገባቸውን በክንዳቸው አቅፈው፣ ከወዲያኛው ጫፍ እያዩ ይመጣሉ። አንዱን "ደህና" ይላሉ፤ አንዱን ዝም ብለውት ያልፋሉ። የእኔና የጓደኛዬ መደቦች ጎን ለጎን ናቸው። መደቤን ሳየው ልቤ ዘለለ። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው፣ መሃላቸው የጠነከረ ጎመኖች ሞልተውታል። ከዚያ ወደ እሱ መደብ ዞርኩ። ክብ፣ ነጣ ያሉ፣ ጎናቸው የተላጠ ጥቅል ጎመኖች እንደ ኮት ቁልፍ በመስመር ተደርድረዋል።

"ይሄ ጎመን ፀጉሩን ተስተካክሎ ነው የመጣው?" አለ አንዱ ከኋላዬ።

መምህሩ የጓደኛዬ መደብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ጎመን ሲያድግ ዙሪያውን ቅጠል ይዘረጋል" አሉ። "ያንተ ልብሱን አውልቆ ነው የበቀለው?"

"ሞቆት ይሆናል ጋሼ።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው አንዱን በአንድ እጃቸው አነሱት። ከሳጥን እንደሚነሳ ጠርሙስ ቀሎ መጣ። ሥር የለውም፤ ግንዱ በቢላዋ ተቆርጧል። አንዱ "አትክልት ተራ" ሲል ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። መምህሩ መዝገቡ ላይ ዜሮ ሲጽፉ አየሁ። ጓደኛዬ ያፍራል ብዬ ፊቱን ፈለግኩት። አላፈረም። የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን የእኔን መደብ ነበር።

ወደ እኔ መደብ መጡ። ፀሐይዋ በርታ ስትል የጎመኖቹ ቅጠል ጫፍ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል። ተንበረከኩና ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። አፈሩ የላላ ነው። አንዱን ሳብ ሲያደርጉት ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ወጣ። የሚስቅ ጠፋ።

"ታመህ የነበርከው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ማን አጠጣልህ?"

"እሱ።"

ጎመኑን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። "ይህ ያንተ ነው?"

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። የእኔ መደብ ደርቋል። እሱ የራሱን ጎመን ከነሥሩ እየነቀለ እኔ መደብ ላይ ተክሎ፣ የራሱን መደብ በገበያ ጎመን ሞልቶታል። እርሳሱ መዝገቡ ላይ ተደግኗል። የጓደኛዬ እግር የእኔን እግር ሲረግጥ ተሰማኝ፤ አጥብቆ ነበር የረገጠኝ። አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የቀረኝ። አንድ "አዎ" ስምንተኛ ክፍል ያስገባኛል።

"አይደለም" አልኩ። "የሱ ነው።"

"ውሸቱን ነው ጋሼ፤ ትኩሳቱ አልለቀቀውም" አለ ጓደኛዬ ፈጥኖ።

"ያንተስ የት አለ?" አሉኝ መምህሩ፣ እሱን እንዳልሰሙ።

"ደርቋል መሰለኝ።"

ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "እውነት ተናግረሃል፤ ወንድ ልጅ ነህ። እኔ ግን ማርክ የምሰጠው ለጎመን ነው" አሉኝ። የጓደኛዬን ዜሮ ላጲስ ፈልገው አጠፉና ሌላ ቁጥር ጻፉለት። በእኔ ስም ትይዩም ጻፉ፤ ምን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። "ለገዛኸው ጎመን ደግሞ እጅህን ዘርጋ" አሉት። ዘረጋ። አለንጋው ሲያርፍበት ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም።

ቁልቁል ወርደን ራስ መኮንን ድልድይ ደረስን። ከዚያ ቆመ።

"እኔ ብደግም ምን እሆናለሁ? አክስቴ ዩኒፎርሜን ታስረዝምልኛለች፤ አለቀ። አንተ ግን አባትህን ታውቀዋለህ።"

"እውነቱን መናገር ይሻላል ብዬ ነው" አልኩት።

"ለማን?"

መልሴን አልጠበቀም። ነጋዴውና ተሸካሚው መሃል ገብቶ ጠፋ።

በጥቂት ማርክ ወደቅኩ። አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የደብተር ቦርሳዬን ከእጄ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለውና፣ "ሞረዱን እንዲህ ያዝ" ብሎ እጄን አስተካከለ። የብረት ብናኝ ሽታ ያን ቀን አፍንጫዬ ገባ፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ "የሱ ነው" ካልኩበት ላይ አቆማለሁ። ለምክር የሚመቸው እዚያ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን እውነት መናገር ይገባል እላለሁ፤ ያሳደግኳቸውም በዚያ ነው። "ለማን?" የሚለውን ግን አልነገርኳቸውም። አንድ ልጅ ወር ሙሉ በትከሻው ውሃ ተሸክሞ ያሳደገውን አንስቶ ሰጥቶኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት መለስኩለት። ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆን እንደዚያ የሚያስከፋ ነገር መሆኑን የሚያስተምር ክፍል አልነበረንም።

ክረምቱን ሙሉ አላናገረኝም። በመስከረም፣ ትምህርት ከተከፈተ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አባቴን "እንደምን ዋሉ" ብሎ የስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

"እስከ ዓርብ ነው" አለኝና ሄደ።

ዓርብ መጣ። ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ፣ እንደ መምህር ኮስተር ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር። ሞረዴን ሳላቆም እመልሳለሁ። ከመለስኩ መጽሐፉን ወስዶ ሌላ ይሰጠኛል፤ ከተሳሳትኩ "እስከ ዓርብ" ብሎ ያንኑ ትቶልኝ ይሄዳል። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ደንበኛ ያውካል አላለም። አንዳንዴ እኔ ሳቅማማ ቀረጻውን አቁሞ መልሱን ሲጠብቅ አየዋለሁ። ስድስቱን ዋና ትምህርቶች ሁሉ ያለፍኳቸው በዚያች ባንኮኒ ላይ ነው። እሱ ዘጠነኛ ሲገባ የዘጠነኛው መጽሐፍ መጣ። ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ራሱን በራሱ ያስተማረ እያሉ ያመሰግኑኛል። አላርማቸውም፤ ማረም ከጀመርኩ ይህን ሁሉ ማውራት ሊኖርብኝ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አክስቱ ታመሙ። ዘመድ ከደሴ መጥቶ ሊወስዳቸው እንደሆነ፣ እሱም አብሯቸው እንደሚሄድ አልሰማሁም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የታሪክ መጽሐፉን ይዞ መጣ። ያን ቀን ምንም አልጠየቀኝም። ብናኝ የጠጡ ጣቶቼን ትንሽ ሲያይ ቆየና መጽሐፉን በቀስታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"አባትህን ሰላም በልልኝ" አለ፤ አባቴ ያን ሰዓት ሱቅ ውስጥ አልነበረም።

ሥራዬን ቀጠልኩ። ድልድዩን አልፎ ሰው መሃል ከገባ በኋላ ነው ቀና ያልኩት። መጽሐፉ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም።