ያልወጣሁት ዳገት

መጀመሪያ የመጣው ደረቅ ሳል ነበር። ከየካ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስወጣ፣ ድሮ ሳላርፍ በማልፈው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ግንድ ተደግፌ መሳል ጀመርኩ። ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ንጋት ላይ ሸሚዜ በላብ ርሶ መንቃት መጣ። ሱሪዬ ሰፋኝ፤ ቀበቶዬን በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት። ለማንም አልተናገርኩም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ዶክተር አበራ የሚባሉ የእንስሳት ሐኪም የካ ውስጥ በአንድ ግቢ የተጎዱ ንስሮችንና ጭልፊቶችን ያክሙ ነበር። የዳኑት እንጦጦ ላይ ይለቀቃሉ፤ እኔ ደግሞ የሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር እየተከታተልኩ የት እንዳደሩና ምን እንደበሉ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ተራራ ላይ መነጽር የያዘ ሰው ሲያዩ ጠባቂዎች ስለሚያስቆሙኝ፣ ከመሥሪያ ቤት የተጻፈልኝ ደብዳቤ ከኪሴ አይለይም።

በዚያ ሰሞን የለቀቅናት ንስር ክንፏ ተሰብሮ የተጠገነላት ነበረች። ዶክተር ያዘዙኝ ግልጽ ነው፤ ራሷ አድና መብላት እስክትጀምር በየቀኑ ወጥቼ እንዳያት፣ ካልቻለች ሥጋ ተሸክሜ ከለቀቅንበት ቋጥኝ ላይ እንዳስቀምጥላት።

አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ ነበር። አጠብኩት። ባለቤቴ ከድጃ እንዳታየው ከአጥሩ ጀርባ አሰጣሁት።

ምን እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ዕቃው ለብቻው ሲቀመጥ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ከእንዲህ ያለ ጎረቤት ቤት የቀረበልኝን ሻይ ሳልነካ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ዳገቱ አቃተኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። አላየኋትም ብል ሰው ይጠይቀኛል። አላደነችም ብል ሥጋ ተሸክሜ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። መዝገቡን አወጣሁ። «ታይታለች፤ አይጥ ይዛ በልታለች» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ጻፍኩ።

በአሥረኛው ቀን አዴ ጫልቱ የሚባሉ ከእንጦጦ ጭራሮ እየለቀሙ የሚሸጡ ሴት ንስሯን በጆንያ ጠቅልለው ግቢያችን አመጧት። ዓይኗ ይንቀሳቀሳል እንጂ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ዶክተር የት እንዳገኟት ጠየቋቸው።

«መሬት ላይ ካየኋት ሳምንት አልፏል» አሉ አዴ ጫልቱ። «እናንተ ስትለቋት አይቼ ስለነበር፣ ባለቤቶቿ ይመጣሉ ብዬ ተውኳት። ማንም አልመጣም።»

ዶክተር መዝገቡን ገለጡ። አነበቡ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሳሉ ቀደመኝ። መዳፌ በደም ተሞላ።

ንስሯ ከሰዓት በኋላ ሞተች።

ዶክተር አልተቆጡም፤ መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ራጅ ተነሳሁ፤ አክታ ሰጠሁ። ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስለኝ ጠየቀችኝ። አራት ወር አልኳት።

«የሳንባ ቲቢ ነው። በመድኃኒት ይድናል» አለችኝ። «ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚኖር አለ?»

ባለቤቴ አለች አልኳት።

«ይዘዋት ይምጡ።»

ከድጃ ሦስት ሳምንት ስትስል ነበር። አልሰማሁም ማለት አልችልም። ሰምቻለሁ። የእሷም አክታ ተመረመረ፤ ይዟታል። ከሆስፒታሉ ስንወጣ «ብትነግረኝ አብሬህ እመጣ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም።

ሁለት ወር በየጠዋቱ ጎን ለጎን ተሰልፈን ስትሬፕቶማይሲን ተወጋን፤ ከዚያ በኋላ አይሶናያዚድና ሌሎች ክኒኖችን ዓመት እስኪሞላ ስንውጥ፣ መጀመሪያ ላቡ ቆመ፣ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቴ ተመለሰ፣ በመጨረሻም ያንን ዳገት ቀስ እያልኩና እያረፍኩ መውጣት ቻልኩ። ሥራ ስመለስ ከዶክተር መዝገቡን ተቀብዬ ዘጠኙን መስመር ሰርዤ በእያንዳንዱ አጠገብ «አልወጣሁም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ይቅርታም ጠየቅኳቸው።

«እኔም ሳልህን እየሰማሁ አልጠየቅኩህም» አሉኝ። ሊያቀሉልኝ ብለው ነው፤ አልቀለለኝም። ከዚያ ሌላ የዳነች ጭልፊት እንድከታተል ሰጡኝ። ስለዚያ እምነት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። አዴ ጫልቱንም፣ ያቺን ሐኪምም አመሰግናለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። መርፌው ጆሮ ሊጎዳ ይችላልና፣ ጆሯችሁ ውስጥ የሚጮህ ነገር ከሰማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ከድጃ መርፌው ይቋረጥብኛል ብላ ስለደበቀችው የግራ ጆሮዋ ደነቆረ። መደበቁን ከማን እንደተማረችው አውቃለሁ። አሁን ሳናግራት በቀኟ በኩል እቆማለሁ። የሚያስላችሁ ሁሉ አብሯችሁ ለሚኖረው ሰው ዛሬውኑ ንገሩት።