ግጥሜን የበላው ፈረስ

በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ክረምት፣ ቀበሌያችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ያለውን ራቁት ጉብታ ሉኪኒያ በሚባል ዛፍ ሊሸፍን ተነሣ። አብሮ አደጌ ያኔ ከግብርና ትምህርት ቤት ተመርቆ ስለመጣ ተከላውን የሚመራው እሱ ሆነ። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምጽፍ ሥራ ፈት ነበርኩ።

«አንድ ግጥም ወርወር አድርግልኝ» አለኝ። «የዛፉን ፍሬ ሰው ይበላዋል፣ ቅጠሉ መኖ ነው።»

እሸቱን ከሆነ ቦታ አምጥቶ አቀመሰኝ። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ግጥሙን ጽፌ አስቀድሜ አሳየሁት፤ ወደደው። በተከላው ቀን ሕዝቡ ይህችን አስደገመኝ፦

ፍሬህ ለሰው ማዕድ፣ ቅጠልህ ለፈረስ፣
ራቁት ምድራችንን መጥተህ የምታለብስ።

ዛፉ ሲያድግ ቅጠሉን ማጨድ ተፈቀደ። ከሰፈራችን እስከ ሾላ ገበያ ጋሪ የሚነዱት፣ ጋሼ የምላቸው ጎረቤታችን ለዳማ ፈረሳቸው በየቀኑ ይሸከሙለት ጀመር። ግጥም ስለሚወዱ እኔን ያለ ሒሳብ ነበር የሚያሳፍሩኝ።

መጀመሪያ ጋማው ረገፈ። ከዚያ ጭራው። ሰው «እከክ ነው» ብሎ ጋሪውን ሸሸ። ሴቶች ዘንቢላቸውን ተሸክመው በእግራቸው ሲያልፉ ጋሼ መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ።

«ለፈረስ ያልከው አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

ወደ አብሮ አደጌ ሮጥኩ።

«አዎ፣ ለጋማ ከብት አይሰጥም። ፀጉር ያረግፋል» አለኝ፣ ቡትስ ጫማውን ከጭቃ እያራገፈ። «ሲተው ይበቅልለታል።»

«ታውቅ ነበር?»

«ተምረነዋል።»

«ግጥሙን አንብበኸው የለ እንዴ?»

«ቤት ትመታ ነበራ። የቀበሌው ሊቀመንበርም ወዷት ነበር፤ ምን ብዬ ላበላሽ?»

ፊቱ ላይ ሐፍረት ፈለግኩ፤ አልነበረም። ስንኜን መጀመሪያ ያደነቀልኝ ሰው እሱ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የትኛውን አድናቆቱን እንደማምን አላውቅም።

ፈረሱ ቅጠሉን ሲተው ፀጉሩ ተመለሰ፤ ተሳፋሪም ቀስ በቀስ መጣ። እኔ ግን ጋሪው ሲያልፍ ፊቴን ወደ አጥር አዞር ነበር።

በሚቀጥለው ተከላ አብሮ አደጌ ያችኑ ግጥም እንዳነብ ላከብኝ። ወጣሁ። አነበብኩ። መጨረሻ ላይ «ለፈረስ ግን አትስጡ፤ ፀጉሩ ይረግፋል» ብዬ ጨመርኩ። ቤት አልመታችም። አብሮ አደጌ ለጭብጨባ ያነሣውን እጁን ኪሱ ከተተ።

ከኋላ ጋሼ፣ ልጓም እንደያዙ፣ «ይችን ያኔ ብትላት ምን አለበት» አሉ።