የታሪኩ ራትና የላስቲክ ጀልባችን

ሳፋው ውስጥ የቀዳነው ውሃ ገና ሳይረጋ እኔና እህቴ ዘይነባ ተጣልተን ነበር... ጠባችን በአንዲት የመጫወቻ ጀልባ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ከተማው ዲላ። አባታችን ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ነበረው። ደንበኛው የነበረች አንዲት ፈረንጅ ነርስ አገሯ ስትገባ የልጆቿን መጫወቻ ትታልን ሄደች። እርስ በርስ እየተጣበቁ የፈለጉትን ነገር የሚሆኑ ቀይና ነጭ የላስቲክ ጡቦች ናቸው። ካርቶኑ ላይ በነዚያው ጡቦች የተሠራች ጀልባ ባሕር ላይ ስትሄድ ተስላለች።

እኔ የእውነትም ትንሳፈፋለች አልኩ። ዘይነባ በሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ የማታውቀው ነገር የለም። «ሥዕል ላይማ ድንጋይም ይንሳፈፋል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሠርተን ሳፋው ላይ አስቀመጥናት። ትንሽ ቆመችና ውሃው በየመጋጠሚያው እየገባ ቀስ ብላ ሰመጠች። ዘይነባ ደስ አላት። እኔ እልህ ያዘኝና ሻማ አቅልጬ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ ደፈንኳቸው። እንደገና ስናስቀምጣት ቀጥ ብላ ቆመች... ውስጧ ጠብታ ውሃ የለም።

በድል ቀና ስል እትዬ አበበች አጠገባችን ቆማ ታያለች።

እትዬ አበበች የጓሮ ጎረቤታችን ናት፣ የጌዴኦ ሰው። ልጇ ታሪኩ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ባለፈው ክረምት የለገዳራን ወንዝ በግንድ ድልድዩ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ፈለገ... አልተገኘም። ጎረቤቱ ድንኳን ሊተክል ሲል ከለከለች። ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አለች። የጸሎት ቤቷ ሽማግሌዎች መጥተው ቢለምኗትም አልሰማቻቸውም።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነበር። በየማታው የታሪኩን ራት ለብቻው ታቀርብና በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች። እናታችን «እንባዋ ካልወጣ ይቺ ሴት ታብድብናለች» ትል ነበር።

እትዬ አበበች ጀልባዋን ብዙ አየቻት። ከዚያ እህቴን ጠየቀቻት።

«ዘይነባ፣ ይሄ ነገር ወንዝ ላይም ይሄዳል? ሞክረህ ታውቃለህ?»

አማርኛዋ እንዲህ ነው፣ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየተጠቃቀስን እንስቅ ነበር። ያን ቀን አልሳቅንም።

በማግስቱ እናታችንን አስፈቅዳ ከነጀልባችን ወደ ወንዙ ይዛን ወረደች። እናታችን እምቢ ማለት አልሆነላትም። በእንሰቱና በቡናው መሃል አድርገን፣ ታሪኩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ግንድ ጋ ስንደርስ ቆመች። ከነጠላዋ ስር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ቆጮ ነው... ማታ ለታሪኩ ያቀረበችለት፣ ሳይነካ ያደረ።

ቆርሳ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ከብዷት ትሰምጣለች ብዬ ፈራሁ። ዓይኗ እያየ ብትሰምጥ ሴትዮዋን ምን እንደምናደርጋት አላውቅም ነበር። እሷ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገረችና ለቀቀቻት።

ጀልባዋ ሄደች። እኛ በዳር በዳር ተከተልናት። መታጠፊያው ላይ ሥሩን ውሃ ውስጥ የዘረጋ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ጥላው ከባድ ነው። ጀልባዋ ከሥሩ ጀርባ ገባችና ከዓይናችን ተሰወረች። ወዲያ ማዶ ትወጣለች ብለን ጠበቅን... አልወጣችም። ዘይነባ «ተሰንቅራ ነው» ማለት ስትጀምር ጀልባዋ በገባችበት በኩል ተመልሳ መጣች።

አዙሪት ይሁን ምን ይሁን እንጃ። ቀስ ብላ፣ ሳትዘነብል፣ ወደ ላይ ወደ እኛ መጥታ እትዬ አበበች እግር ስር ቆመች። አንስተን አየናት። ቆጮው የለም።

ዘይነባ ተገልብጣ ይሆናል ብላ ጣቷን ውስጧ ከተተች። ጣቷ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ያቺ ሁሉን የምታውቅ እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጦጣ ነው አለችኝ። እዚያ አካባቢ ጦጣ ሞልቷል፣ አልዋሸችም። እትዬ አበበች ግን ሰማቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ አየህ? ጦጣ አየህ?»

«አላየሁም እትዬ።»

እውነቴን ነው። የቅርንጫፍ ኮሽታ እንኳን አልሰማሁም።

እትዬ አበበች እርጥቡ መሬት ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። ውሃውን ብዙ አየችው።

«በላ» አለች። «እዚህ ነው ያለው። ከእንግዲህ ቤት አይመጣም።»

ከዚያ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከወንዙ ማዶ ቡና የሚለቅሙ ሰዎች እየሮጡ መጡ። እኔና ዘይነባ ተቃቅፈን ቆመን ነበር። አመሻሹ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። እናታችን ለቅሶው መሃል ተቀምጣ እያነባች አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። የማያውቋት ለቀስተኞች በግርምት ያዩዋታል።

ዘይነባ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ስለዚያ ቀን ባነሳሁባት ቁጥር ጦጣ ነው ትለኛለች፣ ከዚያም ቶሎ ብላ ሌላ ወሬ ትጀምራለች።

ይሁንላት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ስበላ መጀመሪያ ትንሽ ቆርሼ እወረውራለሁ... ጦጣም ብትሆን ትብላው።