በጋሼ ፈንታ ጉሮሮ ውስጥ የሰው እጅ አትፈልጉ

እዚህ ሰቆጣ ስንቱን ሲያክሙ የኖሩት ጤና ረዳት አቶ ፈንታ ባለፈው ቅዳሜ ንጋት ላይ ዐርፈዋል። የምታውቋቸው ሁሉ ሰምታችኋል። የሰማችሁት ግን መሞታቸውን ብቻ አይደለም፤ «ጎረቤታቸው መርዝ አብልታቸው ነው» የሚለውንም ሰምታችኋል። እኔ በጤና ጣቢያው አጠገባቸው ቆሜ ሥራ የተማርኩ ረዳታቸው ነኝ። ወሬ ዝም ብዬ የምቀበል ሴት አይደለሁም፤ ወሬ ሲበዛ ማን እንደጀመረው መፈለግ ይቀናኛል።

ጋሼ ፈንታ በገበያ ቀን ደጅ ላይ በርጩማ አውጥተው የሰው አፍ ያዩ ነበር። የሚፈልጉት በምላስና በጉንጭ ላይ ከርሞ አልድን ያለ ቁስል ነው፤ ጎርንኖ የቀረ ድምፅም አያመልጣቸውም። ሕዝቡ ግን ሌላ ጠረጠረ። ብሔራዊ ውትድርናው ሰዉን ያስበረገገበት ጊዜ ነበርና «ጥርስ እያዩ ዕድሜ የሚገምቱት ለምልመላ ነው» ተባለ። ጎረምሳው ሁሉ አፉን ገጥሞ አለፈ። ከዝቋላ ፍየል ሊሸጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ እንኳ «ጥርስ የለኝ፤ ምኔን ልትቆጥር ነው?» አሏቸው። ጋሼ ፈንታ ሳቅ ብለው፣ «አባቴ፣ ዕድሜዎን ለራስዎ ይያዙት፤ ምላስዎን ብቻ ያውጡልኝ» አሉ። በሽማግሌው ምላስ ጎን ቁስል ነበር። ለሕክምና ደሴ በሚሄድ መኪና ጋሼ ራሳቸው አሳፈሯቸው።

«ይህ የአፍና የጉሮሮ ነቀርሳ የሌለበት አገር የለም» ይሉኝ ነበር። «ሕንዶቹን ከትንባሆ ጋር በሚያኝኩት ፍሬ ጉንጫቸውን ይበላቸዋል። ፈረንጁ ሲጋራና መጠጥ ሲያጣምር ጉሮሮውን ይይዘዋል። እኛም ጋያና አረቂ አለን፤ አንዱ ይጎዳል፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ይብሳል።» ይህን የሚሉኝ ጋያቸውን እያጨሱ ነው። ማታ ማታ አረቂውም አይቀርም። «እርስዎስ ጋሼ?» ስላቸው፣ «እኔማ መምከር እንጂ መስማት መች ለመድኩ» ይላሉ። በጣም ያናድዱኝ ነበር።

ድምፃቸው የጎረነነ ጊዜ ወደ ብርሃን አወጡኝና አፋቸውን ከፍተው «እዪ» አሉኝ። ከእንጥላቸው ጎን ቁስሉን አየሁት። እሳቸውም ከፊቴ ላይ አነበቡት። «በኋላ ሰው ብዙ ይላል። አንቺ ማንንም እንዳትጠረጥሪ፤ የራሴው ጋያና አረቂ ነው» አሉ። ደሴም ሄደው ነበር፤ ጊዜው አልፏል ተብለው ተመለሱ።

ዘመዶቻቸው ግን ከደሃና መጥተው «እንጥሉ ወርዶበት ነው» አሉ። በበቅሎ ይዘዋቸው ሄደው በምላጭ አስቆረጧቸው። ጋሼ ፈንታ ስንቷን እናት «የልጅሽን እንጥል አታስቆርጪ» እያሉ ሲለምኑ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። ያኔ ግን እምቢ የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም። ሲመለሱ ምራቃቸውን መዋጥ እንኳ ጭንቅ ሆነባቸው። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ወይዘሮ ዘሃራ ቀጭን የገብስ አጥሚት በየቀኑ ማምጣት ጀመሩ። ሌላ የሚወርድላቸው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን የጋሼ ወንድም በር ላይ ቆመው ወይዘሮ ዘሃራን «የእርስዎ አጥሚት ይቅርብን» አሏቸው። ወይዘሮ ዘሃራ ኩባያውን እንደያዙ ሊመለሱ ዞሩ። ጋሼ ፈንታ ድምፅ ስላልነበራቸው አልጋውን በእጃቸው መቱ፤ ከዚያ ኩባያውን አስቀርበው ሁላችንም እያየን በስቃይ ጠጡ። እስከ ግማሹ ነው የቻሉት። በማግስቱ ዐረፉ።

እንግዲህ ጎረቤታቸውን ከሐሜት ለማዳን የጠጡት አጥሚት ማስረጃ ተደርጎ፣ ወይዘሮ ዘሃራ ነገ ጠዋት ቀበሌ ቅረቡ ተብለዋል። ጣት ወደ እሳቸው የሚቀሰረው ወደ ምላጩ እንዳይቀሰር ይመስለኛል። ምላጩም ቢሆን አባባሰው እንጂ በሽታውን አላመጣውም።

ጋሼ ፈንታ፣ ማንንም እንዳትጠረጥሪ ብለውኝ ነበር፤ ይቺን አልቻልኩልዎትም። ያን ዕለት የወንድምዎን ዓይን አይቼ ነገ የሚወራው ገብቶኝ ነበር። ስለዚህ እርስዎ እንቅልፍ ሲወስድዎ በኩባያው የተረፈውን አጥሚት አንስቼ ጨረስኩት። ነገ ከወይዘሮ ዘሃራ ጎን ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ቀብሬዎት ተመልሻለሁ፣ ሆዴን እንኳ አላመመኝም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።