የአል ጁርፉን ሱቅ ከመያዜ በፊት የጠየቅኋቸው ሰዎች

ሐበሻ ነጋዴን «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሥራ ፈት። መልሱ አንድ ነው፤ «ሞቷል»። ሱቁ ውስጥ መቆሚያ ጠፍቶ፣ ባለሱቁ በአንድ እጁ ሂሳብ እየተቀበለ በሌላው ፌስታል እየከፈተ «ኧረ ተይኝ እህቴ፣ ዘንድሮ ገበያ የለም» ይላል። ዓይን ይፈራል፣ ተፎካካሪ ይፈራል፣ ከሁሉም በላይ ብድር የሚጠይቅ ዘመዱን ይፈራል። አልፈርድበትም። እኔም እዚህ ኤምሬትስ፣ አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ከምኖርበት ክፍል ብርድ ልብስና ፔርሙዝ እየሸጥኩ ስንት ዓመት «ሞቷል» ስል ኖሬያለሁ። ገበያው በእኔ አፍ የሞተውን ያህል ቢሆን ኖሮ መቀበሪያ አይገኝለትም ነበር።

ታዲያ እኔው ራሴ እውነቱን የምፈልግበት ቀን መጣ።

ታናሽ እህቴ ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሲል ማዳሟ አዲስ ወረቀት አምጥታ «ፈርሚ» አለቻት። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፣ የእህቴ ወገብ አንድ ነው። በዚያው ሰሞን አል ጁርፍ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የሚሸጡ አንድ የወሎ ሽማግሌ ሱቃቸውን ለቀው አገር ሊገቡ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ሱቁን ከያዝኩት ፈቃዱን ወደ ስሜ አዛውሬ እህቴን በሱቁ ቪዛ ላስወጣት እችላለሁ። ካልያዝኩት ትፈርማለች፤ ሁለት ዓመት ደረጃ ትወለውላለች። ይዤው ቢከስር ደግሞ ሁለታችንም ያለ ሥራና ያለ ጥሪት ሜዳ ላይ ነን።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ» አለችኝ በስልክ። «ማዳም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ማየት ጀምራለች።»

ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሱቅ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም? ይህን ለማወቅ ከኪሴ ፍሉስ የማወጣ ሴት አይደለሁም። መረጃ ደግሞ በዚህ ዘመን ነፃ ነው ይባላል።

መጀመሪያ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው ልጄ።»

ደነገጥኩ። በዕድሜዬ «ጥሩ ነው» ያለ ሐበሻ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ይለቃሉ?»

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ልጆቼም ና አሉኝ።»

ጉልበታቸውን አየሁት። ደህና ይመስላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ ማዶ መንገድ ላይ ያንኑ ዕቃ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተሻገርኩ።

«እንዳትነኪው የኔ እናት!» አለችኝ ገና ሳልጨርስ። «እኔ ራሴ ልዘጋ ነው። ገበያው ሞቶ ተቀብሯል።»

ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ከፒክአፕ ካርቶን ያወርዳሉ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«እ… የሚመለስ ዕቃ ነው።»

«የሚመለስ ዕቃ ይጫናል እንጂ ይወርዳል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ዓይንሽ! ቢስሚላህ በይ እንጂ!» ብላ ካርቶኖቹን በጨርቅ ሸፈነቻቸው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ ሕግ «ሞቷል» ያለው እያተረፈ ነው። «ጥሩ ነው» ያለው ደግሞ ሊያሸክምህ ነው። ስለዚህ በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ገበያው በአንድ በኩል ሕያው፣ በሌላው በኩል ሬሳ ነው። ሽሮው አንድ፣ የሚገዙት ሴቶች አንድ። የወገን መረጃ እዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰው።

ወደ ስልኬ ዞርኩ። የነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ ገብቼ «አል ጁርፍ አካባቢ የባልትና ዕቃ እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ «በውስጥ መስመር» አለኝ። በውስጥ መስመር ስሄድ ሽቶ ሊሸጥልኝ ነው። ሌላዋ «እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ «እኔም»፣ «እኔም» እያለ ተሰለፈ። ማንም የማያውቀውን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዛት ብቻ ተረዳሁ።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ስለ ኤምሬትስ የምግብ ገበያ «ነፃ ሪፖርት» የሚል አገኘሁ። ስሜን፣ ኢሜይሌን፣ ስልኬን፣ የድርጅቴን ዓይነት ጠየቀኝ። ሰጠሁ። የከፈተልኝ ሽፋኑንና ማውጫውን ነው። ማውጫው ግሩም ነበር፤ የምፈልገው ሁሉ በየገጹ እንዳለ ይናገራል። ገጾቹን ለማየት ግን የሚጠየቀው ዋጋ ሱቁን ከነሽሮው የሚገዛ ነው። ስልኬን ስለሰጠሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱ ቢሮ ሊያከራየኝ፣ አንዱ ክሬዲት ካርድ ሊሰጠኝ ይደውላል። እኔ ስለ ገበያው ምንም ሳላውቅ ገበያው ስለ እኔ ሁሉን አወቀ።

ቀጥሎ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ነፃ ስልጠና አለ ተባለ፣ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ። ከአጅማን አውቶቡስ፣ ከዚያ ሜትሮ፣ ከዚያ በእግር፣ በዚያ ሙቀት። ነፃው ስልጠና የትራንስፖርቴን በላ። አሠልጣኙ ሱፍ የለበሰ ትሁት ወጣት ነው፤ ስላይዱ ያምራል። «ደንበኛህን እወቅ» ይላል። ልናውቀው አይደል የመጣነው? እጄን አወጣሁ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛና በተጠጋገነ ዐረብኛ «አል ጁርፍ ውስጥ በርበሬ ይሸጣል?» አልኩት።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «ለእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የግል ማማከር አለን።» ካርዱን ሰጠኝ። የግሉ በክፍያ ነው። ሳንድዊቹ ግን ነፃ ነበር፤ ሁለት በልቼ አንድ በቦርሳዬ ያዝኩ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በእጄ የገባ መረጃ እሱ ነው።

ወሩ ሊያልቅ ነው። እህቴ ትደውላለች፣ እኔ «እያጣራሁ ነው» እላለሁ። «አንቺ ስታጣሪ እኔ አረጀሁ» አለችኝ አንድ ቀን። ተናድጄ ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ቆሜ ልሽጥልዎት። ደሞዝ አልፈልግም።»

«ስላላመንሽኝ ነው?»

«ወላሂ አላመንኩዎትም።»

ሳቁ። «እውነት ስትናገሪ ታምሪያለሽ። ነገ ነይ። መቀመጫ ግን የለም፣ ጉልበቴ ያለቀው በዚሁ ነው።»

በማግስቱ ሄጄ ቆምኩ። ሰው ይመጣል። ወላሂ ይመጣል! ግን የሚገባ ሁሉ ዕቃ አያይም። «ጋሼ፣ ትኬቴ ስንት ኪሎ ይፈቅዳል?» «ጋሼ፣ ማዳም የትኬቱን ከደሞዜ እቆርጣለሁ አለች፣ መብቷ ነው?» «ጋሼ፣ ኤጀንሲው ስልክ አያነሳም።» «ጋሼ፣ ደሴ የሚደርስ ካርጎ የቱ ነው የማይሰርቅ?» እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነቡላቸዋል፣ ይደውሉላቸዋል፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላሉ። እኔ እዚያ ቆሜ እበግናለሁ። ሱቅ ነው ወይስ ኤምባሲ?

ከዚያ መልሷን ያገኘችው ልጅ ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። መደርደሪያውን ታያለች። «እ… ጋሼ፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይስጡኝ።» ቀጣይዋም እንዲሁ። ሁሉም እንዲሁ።

አንዷን ተከትዬ ወጣሁ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ናት፣ ማተቧ አንገቷ ላይ አለ።

«እህቴ፣ ባለፈውም ወስደሻል አሉኝ። ጨርሰሽው ነው?»

«ኧረ የት አብስዬው! ማዳም ሽታውን አትወድም። አልጋዬ ሥር ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን ትገዢያለሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ጋሼን ያን ያህል አድርቄያቸው ባዶ እጄን ልውጣ?»

የገበያ ጥናቴ እዚያ አስፋልት ላይ ተጠናቀቀ። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ገበያው በጣም ጥሩ ነው። ያች የማዶዋ ሴትም ከካርቶኗ በስተቀር አልዋሸችም፤ ሱቁን ለገዛ ሰው ገበያው ሞቷል። ምክንያቱም የሚሸጠው ሽሮ አይደለም። ሰዎቹ መልስ በነፃ ይወስዳሉ፣ ይሉኝታቸው ደግሞ በግማሽ ኪሎ ይከፍላል። ሽማግሌው ደሴ ሲገቡ ይሉኝታው አብሯቸው አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ለእኔ የሚቀርልኝ መደርደሪያው ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሽሮ አይሸጡም» አልኳቸው።

«ምን እሸጣለሁ ታዲያ?»

«ምክር።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ለአላህ ብዬ ነው የማደርገው! በማን ልጅ ችግር ልነግድ?»

እውነታቸውን ነው። ለአላህ ብሎ የሠራ ሰው አተረፈ፣ ለትርፍ ብዬ የሮጥኩት እኔ ፔርሙዝ ይዤ ቀረሁ።

ሽማግሌው ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሲወጡ አንዲት ልጅ ገባች። «ስንት ኪሎ ይፈቅዳል?» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«እዚያው ትኬቱ ላይ ተጽፏል፣ እይው» አልኳት።

ስልኳን መልሳ ወጣች። ሽማግሌው ሲመለሱ ጠየቁኝ፤ «አንዲት ልጅ ስትወጣ አየሁ፣ ምን ፈልጋ ነው?»

«ኪሎ። ተጽፏል አልኳት።»

«ማንበብ ብትችል እኔ ዘንድ ምን ያመላልሳታል?» አሉና ከበሩ ወጥተው በዓይናቸው ፈለጓት። ሄዳለች።

አበቃ አልኩ። እኔ ለዚህ ሱቅ አልተፈጠርኩም። ለእህቴ «ፈርሚ» ልላት ወሰንኩ፣ ግን በስልክ ማለት ከበደኝና እሁድ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ወደ ሱቁ ጠራኋት። መጣች። አፌን ሳልከፍት አንዲት ልጅ ዓይኗ አብጦ ገባች፤ ሽማግሌው ስልክ ላይ ነበሩ። እህቴ እጇን ይዛ ከጆንያዎቹ ጋ አስቀመጠቻት።

«ማዳምሽ ናት?»

«እናትየዋ።»

«አይ፣ አሮጊቷ ካለችበትማ! ክኒኗን የምትሰጪው አንቺ ነሽ? እንዳትሰጪ! ልጇ ትስጣት። አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው የሚሳበበው።»

ልጅቷ ቀና አለች። ወሬው ቀጠለ፤ ሳቅ ሁሉ ተሰማ። ሌሎች ሁለት ገብተው እነሱም ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሲወጡ ቡናም፣ ሽሮም፣ በርበሬም ይዘዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከእኔ ፔርሙዝ አዘዘች።

«ምን አልሽያቸው?» አልኳት።

«ምን እላቸዋለሁ? አወራን።»

ተናደድኩ። እኔ ከሰው ኪስ አንድ ድርሃም ለማውጣት ስንት ዓመት ምላሴን ስስል ኖሬ፣ እሷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስለ አሮጊትና ስለ ክኒን አውርታ ሱቁን አራገፈችው። መናደዴ ግን ሂሳብ ከማስላት አላገደኝም።

ሽማግሌው ስልካቸውን ሲዘጉ ፊታቸው ቆምኩ። መደርደሪያውን፣ ሚዛኑን፣ ፍሪጁን ተነጋገርን፤ ተከራከርን፤ ኸላስ፣ አለቀ ተባባልን። ከዚያ አልኩ፤ «ጋሼ፣ ስልክ ቁጥርዎትስ?»

«ምን ይሆንሻል?»

«እነዚህ ሴቶች የሚደውሉት እዚያ ላይ ነው።»

«እሱንማ ከነራስ ምታቱ ውሰጂው! ሂሳብም የለው። ያላ፣ ዛሬውኑ ወደ ስምሽ እናዙረው።»

ያን ሁሉ ተከራክሬ የገዛሁት ዕቃ ነው፤ ዋናውን በነፃ ሰጡኝ። እህቴን ሜትር ቆጣሪ ታክሲ ውስጥ ሳስገባት «አትፈርሚ» አልኳት።

«አጣራሽ?»

«አጣራሁ።»

«ያዋጣል?»

«አንቺ ከመጣሽ። እኔ ብቻዬን ከሆንኩማ ያልቅልኛል።»

ለማዳሟ የነገረቻት ዕለት ማዳሟ አልቅሳ ነበር አሉ። የድሮው ቪዛ ተሰርዞ የሱቁ እስኪወጣ ግን ጊዜ ወሰደ፣ በዚያ መሃል ሽማግሌው ሄዱ፣ ስልኩ እኔ ላይ ቀረ። ገና ሳይነጋ፣ ከፈጅር ጀምሮ ይጮኻል። «ጋሼ የሉም?» «ጋሼ እንዴት ሄዱ?» «አንቺ ማን ነሽ?» ጥርሴን ነክሼ እመልሳለሁ። አንዷ ከዱባይ ደውላ ስለ ካርጎ ጠየቀችኝ። ሦስት ቦታ ደውዬ አጣርቼ መልሼ ደወልኩላት፤ አብሽሪ ሁሉ አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ሱቃችሁ የት ነው?»

«አጅማን፣ አል ጁርፍ።»

«ኡፍ፣ ሩቅ ነው» ብላ ዘጋችው።

እሷ ይሉኝታ የላትም። ወይም ይሉኝታ ሻርጃን አልፎ ዱባይ አይሻገርም፤ እሱንም የሚነግረኝ ነፃ ሪፖርት አላገኘሁም።

እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች የገባች ዕለት ስልኩ ይጮህ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ ሳልላት፣ ሻንጣውን ሳታስቀምጥ፣ እጇ ላይ አደረግኩት።

«አቤት እህቴ» አለች፣ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃው። «አይዞሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

እኔ ሽሮ ላወርድ ወጣሁ።