በጆሮ የተለካ ዕድሜ

የመምህር ቅጥር ማስታወቂያውን ያሳየኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። አሁን ደሴ ፒያሳ ላይ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ሰዎች ፎርም የሚሞላበት ቢሮ አለው። እኔ ሳስተምረው ሒሳብ የሚወድቅ ልጅ ነበር፤ ዛሬ የእኔን ዕድሜ የሚያሰላው እሱ ሆነ።

"ቲቸር፣ ሁሉም ተሟልቷል" አለኝ ወረቀቶቼን አገላብጦ። "ዲግሪው አለ፣ ልምዱ አለ። ችግሩ ዕድሜ ላይ ነው። ዐረብ አገር ያለው ትምህርት ቤት ከሃምሳ አምስት በላይ አልቀበልም ይላል። ፓስፖርትዎ ደግሞ ሃምሳ ስድስት ነው የሚለው።"

ደሜ ፈላ። የሠላሳ ሦስት ዓመት ልምዴን ይፈልጉታል፤ ሠላሳ ሦስቱ ዓመት በእኔ ላይ እንዲያልፍ ግን አይፈልጉም። ለዚህ ሥራ ስል ፀጉሬን ቀለም ተቀብቻለሁ። ፎርሙ "ሕመም አለብዎ?" ሲለኝ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሚይዘኝን ትከሻዬን ደብቄ "የለም" ብያለሁ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ፍርሃቱ መጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ጡረታ እወጣለሁ። የራሴ ቤት የለኝም፤ ሆጤ ሰፈር የተከራየናቸውን ሁለት ክፍሎች በጡረታ እንደማንችላቸው ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ባለቤቴ ከአሁኑ ዕቃ መቀነስ ጀምራለች። "የት እንደምንገባ አይታወቅም" ትላለች እንጂ አታማርርም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ እኮ ሃምሳ ስድስት አይደለሁም።

በእኛ ጊዜ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ሰባት ሞልቶሃል ይባላል፤ ካልደረስክ ወደ ቤትህ ነው። የእኔ እጅ አልደረሰም። አንገቴን ሰበር አድርጌ በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ መዝጋቢውም አይቶ እንዳላየ ሆኖ "ሰባት" ብሎ ጻፈ። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ልጄ በአምስት ዓመቱ ነው ትምህርት ቤት የገባው" እያለ ሲኮራብኝ ኖረ። እኔም በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እያወራሁ አስቄያቸዋለሁ። ያ ሰባት ግን ከመዝገብ ወደ ሰርተፍኬት፣ ከሰርተፍኬት ወደ ፓስፖርት እየተገለበጠ እዚህ ደረሰ።

"ታዲያ ሃምሳ አራት ነዎት ማለት ነዋ" አለ ተማሪዬ ይህን ስነግረው። ይቺን ቅነሳ አልሳታትም። "ፍርድ ቤት ያስተካክልልዎታል። ሲወለዱ የሚያውቅ ምስክር ይዘው ይቅረቡ። አብሽሩ፣ ቲቸር።"

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እናቴ የምትኖረው እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከምትሠራው እህቴ ጋር ነው። ስወለድ ከነበሩት ሰዎች በሕይወት ያለችው እናቴ ብቻ ናት።

ነገሩን አስረዳኋት። መቁጠሪያዋን እያንቀሳቀሰች ሰማችኝ።

"መማል አለብኝ?" አለች።

"አዎ እማ፣ ዳኛው ፊት። ትምህርት ቤት ስገባ አምስት ዓመቴ እንደነበር ብቻ ተናገሪ።"

"አልነበረም።"

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

"ሰባት ሞልቶህ ነበር፣ ወላሂ" አለች። "ያ ክፉ ቀን ነው ያጫጨህ። ምን አብልቼህ ትደግ? የእኩዮችህ እጅ ጆሯቸውን አልፎ ይሄዳል፤ ያንተ አናትህ ላይ ቀረ። አባትህ ሰው እንዳይስቅብህ ብሎ ነው አምስት ነው ያለው። ሲኮራብህ ደስ ይለው ስለነበር እኔም ዝም አልኩ።"

ለስንቱ ተማሪ እየሳቅኩ ያወራሁት ለካ ረሃቤን ኖሯል። ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ።

"ቢሆንም እማ፣ ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።"

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

"እኔ የምሄድበት ቅርብ ነው፣ ልጄ" አለች። "በውሸት ምለሽ ሂጂ ካልከኝ እሺ። አንተ ቤት አጥተህ ከማይ እዚያ እኔ ልጠየቅበት።" ይህን ብላ ከአልጋው ሥር ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

ጫማውን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ተቀመጪ አልኳት።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተማሪዬ ደወለ። "ቲቸር፣ ምስክር ተገኘ?"

"ተገኝቷል" አልኩት። "ሃምሳ ስድስት ነኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ግራ ቀኝ አየሁና ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ ሰደድኩ። ትከሻዬ መሃል ላይ ያዘኝ። አንገቴን ሰበር አደረግኩ፤ እንዲያም ሆኖ እጄ ጆሮዬ ጋ አልደረሰም።