ያልሸተተኝ ጋዝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬንም፣ ሰው ማማቴንም ነግሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም። ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት።

የምንኖረው ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴ ሲሬ በምትባል ከተማ ያስተምራል። ያገለገለች የቤት መኪና ገዝቶ በየቀኑ ይመላለስ ነበር፤ ሄለን ልጃችንም እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ስለምትማር አብራው ትሄዳለች። ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፉ ቀን ሙሉ ሲፈጅ መኪናዋን በማብሰያ ጋዝ እንድትሄድ አስቀየራት። የቀየራት ቶሌራ የሚባል መካኒክ ነው። ሲሊንደሩን ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አሰረው። ልጄ የምትቀመጠው ከእሱ ፊት ነበር።

ከዚያ በፊት ጎረቤት ቤት የምድጃ ጋዝ እሳት ተነስቶ መጋረጃውን ሲበላ አይቻለሁ። በየጠዋቱ መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ያ መጋረጃ ይታየኝ ነበር። ሽጣት ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። "አንቺ እኮ ክብሪትም ትፈሪያለሽ" አለኝ።

ባለቤቴ አንድ ክረምት በጉንፋን ከተኛ ወዲህ ሽታ አይለይም። ወጡ ሲያርርም የምነግረው እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ሄለን በሩን ከፍታ ስትገባ፣ "ጋዝ ይሸታል" አልኩት። አልሸተተኝም። ምንም አልሸተተኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።

መኪናዋን ወደ ቶሌራ ወሰዳት። ቶሌራ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ቀባ፤ አንድም አረፋ አልተነሳም። በማግስቱ "አሁንም ይሸታል" አልኩ። መጋጠሚያዎቹን አዲስ ቀየረ። እንደገና "ይሸታል" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ በሌለበት ራሱ ቤት ድረስ መጣ። ቆሻሻ እጁን ከኋላው ደብቆ በር ላይ ቆመ።

"አዴ የሺ፣ ማሎ" አለኝ፤ ወይዘሮ የሺ፣ እባክሽ ማለቱ ነው። "እኔ ምንም አላገኘሁም። እውነት ሸቶሻል?"

እዚያ ላይ ማቆም አልችልም ነበር? ሰውዬው እኮ በር ላይ ቆሞ በር ከፈተልኝ። ፈርቼ ነው ብዬ ብነግረው ምን ያደርገኛል? ስቆ፣ ባለቤቴን አረጋግቶልኝ ይሄድ ነበር። እኔ ግን፣ "ሄለን ትሙት፣ ሸቶኛል" አልኩት። ልጄን ላድን ብዬ የጀመርኩትን ውሸት በልጄ ሞት ማልኩበት። እሱም ሰው በልጁ ሞት በውሸት አይምልም ብሎ አመነኝ። ራሱን እየነቀነቀ፣ "እንግዲያ የኔ ጥፋት ነው፣ አዴ" ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ደንበኞቹ ፊት ጮኸበት። "ልጄን ቦምብ ላይ አስቀምጠህ ገንዘብ ትቀበላለህ?" አለው። ሰው የነገረኝ ነው። የታክሲ ሾፌሮቹ ሰሙ፤ ከተማው ሰማ። የቶሌራ ሥራ ያፈሳል ተባለ። መኪና የሚያመጣለት ጠፋ፤ ጋራዡን ዘግቶ አርጆ ከተማ ሄደና ወንድሙ ወፍጮ ቤት ገባ። እኔ በአንዲት ቃል ያን ሁሉ የእጅ ሙያ አፈር አለበስኩት።

መኪናዋም ተሸጠች። እንደፈለግሁት ሆነ። ነገር ግን በአውቶቡስ በየቀኑ መመላለስ አልሆነም። ባለቤቴ ሲሬ ቤት ተከራየ፤ ሄለንም ከሱ ጋር ሆነች። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እሁድ ከሰዓት ይሄዳሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከስፌት መኪናዬ በቀር የሚጮህ ነገር የለም። ምሳ የምበላው ቆሜ ነው፤ ለአንድ ሰው ሳህን መዘርጋት ያሳፍረኛል። ይህ ቅጣቴ ነው እንዳልል፣ ቅጣት ከበደል ጋር መመጣጠን አለበት። የኔ ሰዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። የቶሌራ ስም በየትኛው ቀን ይመጣል?

ሚስቱ እዚሁ ነቀምት ቀርታለች። ገበያ ላይ ስታገኘኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ "ነጋ ጅርታ?" ትለኛለች፤ ደህና ነሽ ወይ እያለችኝ ነው። ልጄን ታነሳለች፣ "ሄለንን ፈጣሪ አተረፈልሽ" ትላለች። ባሏ ጥፋተኛ መሆኑን እሷም አምናለች። እኔ "ገለቶሚ" ብዬ አመሰግናለሁ። የሷን መልካም ምኞት መቀበሌ አንሶ ማመስገኔ!

ባለፈው እሁድ አንድ ጎረቤታችን መኪናውን ወደ ጋዝ ሊያስቀይር ፈልጎ ባለቤቴን ሊያማክር መጣ። አርጆ ጥሩ ባለሙያ አለ ብለውት ኖሮ የቶሌራን ስም ጠራ። ባለቤቴ፣ "ወዳጄ፣ ከሱ ራቅ! የሺን ጠይቃት" አለው። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ጎረቤቱ ስቆ፣ "እሺ እትዬ፣ ይመስክሩ" አለኝ።

ከሁለት ቃል በላይ አያስፈልገኝም ነበር። አልሸተተኝም፣ ዋሸሁ።

የያዝኩትን ጨርቅ አጥፌ፣ "ይቅርብህ" አልኩት።

ስለዚህ ፈርቼ ነው፣ እናት ነኝ፣ አልተማርኩም ብዬ ምሕረት አልለምንም። ያኔ ፈርቼ ነበር እንበል። ባለፈው እሁድ ግን ሲሊንደርም አልነበረም፣ ልጄም ውጭ ትጫወት ነበር። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ይቅር ማለት የሚችለው አርጆ ነው ያለው፤ ጎረቤቱም ለሥራው ሌላ ሰው አግኝቷል።